የአራስ ቤት መስኮት

በእኛ አገር ደንብ ሴት ልጅ የበኩር ልጇን ወልዳ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። ሁለተኛውን የፈለገችበት ትታረስ፤ የመጀመሪያውን ግን ከእናቷ ጓዳ ነው የምትነሣው። ዛሬ ምጡ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ሆኗል፤ አራስነቱ ግን አሁንም የእናት ነው። ስለዚህ ልጄ ማርገዟን የነገረችኝ ዕለት ትንሿን ክፍል ጠርጌ አልጋውን ከግድግዳው አራቅሁት። ያራቅሁት በሁለቱም በኩል ሰው ቆሞ ሊያነሣት እንዲችል ነው። ሌላ እናት ብትሆን መጀመሪያ ስለ ቅቤው ታስብ ነበር።

ልጄ አንድ ናት። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። ዳንግላ አግብታ ከሄደች ወዲህ ቆሰበር ከተማ ባለው ቤቴ ውስጥ ከራሴ ሌላ የማናግረው ሰው የለም። ከሥራ ስመለስ ሬዲዮ የምከፍተው ወሬ ለመስማት አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው። ያን አራስነት ስጠብቅ የነበረው እንደዚያ ሆኜ ነው። ልጄ ተኝታ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ እኔ ከጓዳ ወደ ምድጃ ስመላለስ ይታየኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ደወለች።

«እማ፣ እዚሁ ልታረስ ነው።»

«እዚሁ የት?»

«ዳንግላ ነዋ። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። በዚህ ክረምት ደግሞ ሕፃን ይዤ መንገድ መውጣቱ…»

«ደንቡስ?»

«ደንቡ ምን ይሆናል፤ እሳቸውም እናት ናቸው።»

እሳቸው ያለቻቸው አማቷን ነው። ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ለወላድ ሐኪም ቅርብ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ለሰው ሁሉ የምናገረው እኔው ነኝ። «ደግ አስበሻል» አልኋት። ስልኩን ዘግቼ ትንሿ ክፍል ገባሁና ባዶው አልጋ ላይ ተቀመጥሁ። እውነተኛ ምክንያቷን አለመንገሯ ግን ገብቶኝ ነበር። የፈራችው መንገዱን አልነበረም፤ የእኔን ቤት ነበር።

ይህ እንዲገባ ስለ ሥራዬ መናገር አለብኝ።

ትምህርት ያቆምሁት ስድስተኛ ክፍል ነው። ሆስፒታል የገባሁት በጽዳት ነበር፤ ኋላ አጭር ሥልጠና ሰጥተው የነርሶች ረዳት አደረጉን። ሕመምተኛ እናጥባለን፣ እናገላብጣለን፣ በጋሪ አልጋ እንገፋለን። ወለሉ ላይ ውኃ ከፈሰሰ ሰው ሳይወድቅበት እናደርቃለን። አደጋ ሲደርስ ምን እንደምናደርግ ያስተማረችን አንዲት ሲስተር ነበረች። መቆም የማይችል ሰው በብርድ ልብስ ተጎትቶ እንዴት እንደሚወጣ ልታሳየን፣ ሕመምተኛ ሆኖ የሚተኛላት ሰው ጠየቀች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷ ትተኛ፤ ላባ ናት» አለች አንዷ።

«ሰውነቷ ነው ላባ» አለ ከኋላ አንዱ። «ጭንቀቷ ሲመዘን ኩንታል ይሞላል።»

ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። በብርድ ልብስ ጠቅልለው ኮሪደሩን ሲጎትቱኝ እየሳቅሁ ነበር፤ የበሩ ደፍ ላይ ስንደርስ ግን ራሴ ተመታ። «ራሱን ቀና አድርጉት!» ብዬ ጮህሁ።

«አያችሁ» አለች ሲስተሯ። «ሕመምተኛዋም አስተማሪ ሆነች።»

ከዚያ ወዲህ የትም ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው መውጫውን ነው። ሠርግ ተጠርቼ ዳስ ውስጥ ስቀመጥ ሰው ሙሽራዋን ያያል፤ እኔ የዳሱ ገመድ የሚሮጥ ልጅ እንዳይጠልፍ አያለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን ያውቃሉ። «ነይ እዚህ በሩ ጋ፣ ቦታሽን ይዘንልሻል» ይሉኛል። እያፌዙብኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሄጄ በሩ ጋ እቀመጣለሁ።

ሰውን ከእኔ ያራቀው ግን ይህ አይደለም። ከሰል ነው።

ቆሰበር ብርድ ነው። ዙሪያችን ያለው ማሳ ዲከረንስ በሚሉት ግራር ተሸፍኗል። ገበሬው ይተክለዋል፣ ይቆርጠዋል፣ አክስሎ ይሸጠዋል። ልጁን የሚያስተምረውም፣ ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብሰውም በእሱ ነው። እንዲህ ባለ አገር «ከሰል ይገድላል» ብሎ መናገር የሰው በሬ ላይ ምራቅ እንደ መትፋት ነው። በዚያ ላይ የአራስ ነገር አለ። አራስ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ ይደፈናል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከሰሉ እየቀላ አጠገቧ ይቀመጣል። ደህና አድርጎ የከሰለ የግራር ከሰል ደግሞ ጭስ የለውም። ጭስ የሌለውን እሳት ማን ይፈራል?

ሲስተሯ ያስተማረችን ይህንኑ ነበር። የሚገድለው አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ያስተኛል። አራስ ደግሞ ራሷን ብትታመም፣ ቢያስመልሳት፣ እንቅልፍ ቢጥላት ማንም አይደነግጥም። «ወልዳ የለም? ደክሟት ነው» ይላል ሁሉም።

አስታማሚዎች ማንደጃውን ዘምቢል ውስጥ ከተው፣ ላዩን በነጠላ ሸፍነው ወላዶች ክፍል ያስገባሉ። ነርሶቹ ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ አገውኛ አይሰሙም። ከገጠር የመጡት አሮጊቶች ደግሞ አማርኛውን ሲፈልጉ ነው የሚሰሙት። ስለዚህ «ሂጂ ንገሪልን» እባላለሁ። ማንደጃውን አውጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የሚለው ቃል ሁሉ በእናቴ ቋንቋ ከእኔ አፍ ይወጣል። ያዘዙት እነሱ ናቸው፤ የሚጠሉት እኔን ነው።

አንድ ማለዳ ሥራ ገብቼ የወላዶቹን ክፍል በር ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አንደኛዋ አራስ ትራሷ ላይ አስመልሳለች። ጎኗ ያለችው ተኝታለች፤ ስጠራት አትነቃም። አስታማሚ እናቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ማንደጃው አልጋ ሥር ነው። መስኮቱን ከፈትሁ፤ ማንደጃውን አውጥቼ ግቢ ጣልሁ፤ አዋላጇን እየተጣራሁ ሕፃናቱን አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ አወጣሁ። ያልነቃችውን እኔን እንደ ጎተቱኝ በብርድ ልብስ ጎተትኋት፤ ደፉ ላይ ስደርስ ራሷን በክንዴ ደግፌ። አዋላጇ በሩጫ ኦክስጅን ይዛ ደረሰች። ሁሉም ተረፉ።

አሮጊቷ ነፍስ ሲዘሩ የመጀመሪያ ሥራቸው እኔን መክሰስ ሆነ። አራስ ልጃቸውን ወለል ለወለል ጎትቼ ለብርድ የሰጠሁ እኔ ነኝ። ሲስተሯ መጥታ ቆማ ሰማችና፣ «ይቺ ሴት የልጅዎን ሕይወት አድናለች በያቸው» አለችኝ። የሚተረጉም ሌላ ሰው አልነበረም። ያንን ስለ ራሴ በራሴ አፍ መናገር አፈርሁ። «ልጅዎ ደህና ናት ትላለች» ብዬ ተረጎምሁት።

ከዚያ በኋላ «ነፋሷ» አሉኝ። አንዱ አስታማሚ ሲሄድ ለሚመጣው ነግሮ ይሄዳል። በሩ ላይ ብቅ ስል፣ «ነፋሷ መጣች፣ ልጅሽን ሸፍኚ!» ይባባላሉ። ሥራ ላይ ያሉትም ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብቅ ሲል ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተሰብስበው ሲጨዋወቱ እኔ ስደርስ አንዷ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ የቀሩት ይስቃሉ። ክፋት የላቸውም። እኔ ግን ቀስ በቀስ ወደዚያ መሄዱን ተውሁት።

ቤቴም እንደዚያው ነው። ልጄ ያደገችው ሐምሌ ላይ እንኳ መስኮቱ ትንሽ ገርበብ ባለበት፣ ከሰል ደጅ እንጂ ውስጥ በማይነድድበት ቤት ነው። ካልሲ ደርባ፣ ጋቢ ለብሳ ነው ያጠናችው። ጓደኞቿ አንዴ መጥተው ዳግመኛ አልመጡም። አሁን ማረፊያ ስትመርጥ የአማቷን ሞቃት ቤት መረጠች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ጠዋት ደወለልኝ። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ከጤና ጣቢያም በሰላም አማቷ ቤት ገብታለች። ፈቃድ ለምኜ፣ ቅቤና የገብስ ዱቄት ይዤ በሚኒባስ ተሳፈርሁ። ዳንግላ መናኸሪያ ወርጄ በባጃጅ እሳቸው በር ደረስሁ።

የልጄ አማት ደግ ሴት ናቸው። በር ላይ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ። «እንኳን ማርያም ማረችልን፣ እኅቴ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ብርዱን ይዘው እንዳይቆሙ» አሉኝ። በሩን ከኋላዬ ዘጉት።

ጓዳው ጨለማ ነበር። መስኮቱ በጆንያ ተወትፏል፤ በላዩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። ከአልጋው ግርጌ ማንደጃው ቀልቶ ተቀምጧል፤ እውነት ለመናገር ያማረ እሳት ነበር። ልጄ ፊቷ ቀልቶ ተጋድማለች።

«እማዬ፣ መጣሽ?» አለች፤ ቃሉን ጎተት አድርጋ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ራሴን ነው ትንሽ።»

«ደክሟት ነው እንጂ» አሉ አማቷ። «እንዴት ያለ ምጥ መሰለዎት!»

ሕፃኑን አነሣሁት። ከባድ እንቅልፍ ላይ ነበር። ጉንጩን ነካሁት፣ እግሩን ቆነጠጥሁት፤ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ ተመልሶ ተኛ።

በሰው ቤት ያለሁ እንግዳ ነበርሁ፤ ያውም የሙሽራዋ እናት። ልጃቸውን ያገባች ልጄ በዚያ ቤት የምትኖረው በሴትዮዋ በጎ ፈቃድ ነው። መስኮታቸውን ብከፍት ገመናቸውን የገለጥሁ ያህል ነው። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ኋላ፣ ስመለስ ነው። በዚያች ሰዓት እጄ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ሕፃኑን ታቅፌ በሩን በእግሬ ገፍቼ ከፈትሁ፤ አማቼን ጠርቼ ልጁን በእጁ ሰጠሁት። «ደጅ ይዘኸው ቁም» አልሁት። ማንደጃውን በቀሚሴ ጫፍ ይዤ አወጣሁ። ተመልሼ መጋረጃውን ገለጥሁና ጆንያውን ጎትቼ ጣልሁት።

አማቷ እንግዲህ «እኅቴ» ማለቱን ተዉት። ከአንቱታም ወረዱ።

«አንቺ! ምን ነካሽ? አራስ ናት እኮ!»

«ከሰሉ ነው እትዬ፤ ያፈናል። ራሷን የሚያማት እሱ ነው።»

«ከሰል? እኔ ስድስት ልጅ በዚሁ ከሰል አይደለም የታረስሁ? ማን ሞተብኝ? ልጅሽን በነፋስ ልትገድያት ነው የመጣሽ!»

«ይቆጡኝ፤ ግድ የለም። እሷ ግን ትነሣና ደጅ ትውጣ።»

«እማ ተይ» አለች ልጄ ከአልጋው። ማልቀስ ጀምራ ነበር። «እባክሽ ተይ፤ አታዋርጂኝ።»

ደግፌ አነሣኋት፤ እግሯ እየተጎተተ እንደ ምንም በረንዳው ላይ አስቀመጥኋት። ሕፃኑ በአባቱ እጅ ላይ ብርዱ ሲነካው አለቀሰ። ያ ልቅሶ ለእኔ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልቻልሁም። አማቷ ነጠላቸውን አውልቀው እየሮጡ ሸፈኑት፤ «ወይ ልጄን፣ ወይ ልጄን» እያሉ በእኔ ላይ ጀርባቸውን አዞሩ።

ጤና ጣቢያ ካልሄዱ አልሁ። አማቼ በእናቱና በእኔ መካከል ቆሞ መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ ባጃጅ ጠራ። መንገድ ላይ የልጄ ራስ ምታት ቀለል አለ። ጤና ጣቢያም ኦክስጅን ሰጥተው፣ ሁለቱንም መርምረው፣ እስከ ከሰዓት አቆዩአቸው። ባለሙያው ስለ ከሰሉም፣ ስለ መስኮቱም ለአማቷ ረጋ ብሎ ነገራቸው። ብዙ ተናገረ። እሳቸው ከዚያ ሁሉ ይዘው የተመለሱት «አሁን ምንም የላቸውም» ያለውን ነው። ለጎረቤት ሲነግሩ ሰማሁ፦ «በከንቱ አንከራተተችን፤ ምንም የላቸውም ተባለ።»

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። የወደቀውን ሰው ያነሣ ይመሰገናል። እንዳይወድቅ ውኃውን ያደረቀውን ማንም አላየውም፤ የወደቀ የለማ።

ልንለያይ ስንል ከልጄ ጋር ብቻችንን ነበርን። «ከእኔ ጋር ነይ» አልኋት። «ክፍሉ ተዘጋጅቷል። ደንብሽም ነው።»

ልጁን እያጠባች ነበር። ቀና ሳትል፣ «አይሆንም እማ» አለች።

«ብርዱን ፈርተሽ ነው? ብርድ ልብስ ገዝቻለሁ…»

«ብርዱ አይደለም።» ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው። «አንቺ ቤት ስሆን ሁልጊዜ የሆነ ነገር ሊመጣ ያለ ይመስለኛል። በልጅነቴም እንደዚያው ነበር። እንቅልፍ አይወስደኝም። እዚህ ይወስደኛል።»

እንቅልፉ ከምን እንደ መጣ ዛሬ አይተሻል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር ለመንኋት፦ ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል፤ ገንፎው ከተሠራ፣ ውኃው ከሞቀ ይውጣ፤ መስኮቱ ጠዋትና ማታ ይከፈት። «እሺ» አለች፤ ልጅ ሆና «እጅሽን ታጠቢ» ስላት ትለው እንደነበረው «እሺ»። አማቷ ሲሸኙኝ ሳሙኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

በሚኒባሱ መስኮት በኩል ተቀምጬ ተመለስሁ። ቤቴ ስገባ ትንሿን ክፍል አልተመለከትኋትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስገባ እደውላለሁ። «ከሰሉ ወጣ?» እላለሁ። «ወጥቷል» ትላለች። «መስኮቱስ?» «እማ፣ ተከፍቷል አልሁ እኮ።» አንዳንድ ቀን «ወጥቷል፣ ተከፍቷል፣ ደህና ነን፣ ቻው» ብላ ሳልጠይቃት ትዘጋዋለች። እውነቷን ይሁን እኔን ለማስታገስ ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። ሆስፒታል ቢሆን ገብቼ አያለሁ፤ በእጄ መሬቱን እነካለሁ፤ አልጋ ሥር ጎንበስ እላለሁ። ከዳንግላው ጓዳ ግን ቃል ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

ከዘመን መለወጫ በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። በዚያው ሰሞን መንገዱም ተዘግቶ መኪና አይሄድም ነበር። ሥራ ላይ ስናገር፣ «ይመጣል ባክሽ፣ ጠፍቶ አያውቅም?» አሉኝ። ወላዶች ክፍል ገብቼ የሰዎችን ዘምቢል እፈትሻለሁ፤ የሰዎችን መስኮት እከፍታለሁ፤ ሲቆጡኝ እሰማለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ። በሥልጠናው ስለ ቃጠሎ ተምረናል፤ ስለሚወድቅ ሰው፣ ስለሚታፈን ሰው ተምረናል። እጅሽ በማይደርስበት ስላለ ሰው ግን ምን እንደምታደርጊ አልተማርንም። ብጠይቅም ሲስተሯ የምትመልሰው ያላት አይመስለኝም። በእነዚያ ቀኖች ሬዲዮውንም አልከፈትሁትም፤ ስልኩ ቢጠራ እንዳያመልጠኝ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ጠራ። ልጄ ናት።

«እማ።»

«ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ወፍሯል፤ ብታይው አታውቂውም።»

ስለ ከሰሉ ልጠይቅ ነበር። ጥርሴን ነከስሁ። እሷም የምጠብቀውን አላለችም።

«ቆይ፣ ስሚ» አለች።

ስልኩ ከጆሮዋ ሲርቅ ይሰማል። መጀመሪያ ነፋስ ብቻ ነበር። ከዚያ የፈረስ ኮቴ መጣ፤ የጋሪ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲንጓጓ፤ የባለ ጋሪው ድምፅ፦ «ዞር በይ! ዞር በይ አንቺ!» አንዲት ሴትም አለፍ ብላ፦ «አንተ ዞር በል! መንገዱን ገዝተኸዋል?» የሚስቅ ሰው ነበር። ሁሉም እኔ ደጅ ላይ የሚያልፍ ያህል ቀርቦ ይሰማል።

«ሰማሽ?» አለች ልጄ።

«ሰማሁ።»

«እሳቸው እየተቆጡ ነው። እኔም በርዶኛል።» የመስኮት መዝጊያ በነፋስ ግድግዳ ሲመታ ሰማሁ። «በይ እሺ፣ ሊጠባ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። ጋሪው ግን አልፎ ሄዶ ነበር።